ገብቶ የማይወጣ ገንዘብ

እንጀራዬ ገንዘብ መቁጠር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የባንክ ቅርንጫፍ መስኮት ላይ ስቀመጥ ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የረጠበውን፣ የተጨማደደውን፣ መሀሉ በፕላስተር የተያያዘውን ኖት ሳላየው በጣቴ ብቻ አውቀዋለሁ። ማታ ካሽ ስንዘጋ አምስት ብር ብትጎድል፣ አምስት ብሯ እስክትገኝ ወይም ከኪሴ እስክተካት ድረስ ከወንበሬ አልነሳም። እኛ ዘንድ ይህ ጉድለት ሾርቴጅ ይባላል፤ የቴለር የዘወትር ቅዠት ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው ነው ነሐሴ 30 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ማታ፣ አልጋው ላይ በጎኑ ተጋድሞ የሰው እቁብ ለስልክ ጨዋታ ያዋለው።

የጨዋታውን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። መቶ ሰው ከአውሮፕላን በፓራሹት ወርዶ ሲታኮስ ቆይቶ መጨረሻ ላይ የቀረው የሚያሸንፍበት፣ በየካፌውና በየታክሲው ልጆች አንገታቸውን ደፍተው የምታዩት ዓይነት ነው። በ2012 ኮሮና በፈረቃ እንድንሠራ ሲያደርገን ጊዜ ማሳለፊያ ብዬ ጫንኩት። ማውረዱ በነጻ፣ መጫወቱ በነጻ። ሁለት ዓመት ሊሞላ ምንም ሳይቀረው አምስት ሳንቲም ሳላወጣ ተጫውቼበታለሁ። ይህን የማነሳው ለራሴ የምጠራው ሌላ ምስክር ስለሌለኝ ነው።

ነገር የመጣው ስኳድ ካገኘሁ በኋላ ነው። አራት ነበርን። አንዱ አዳማ የሞባይል ጥገና ሱቅ ያለው፣ አንዱ ሐዋሳ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ አንዱ ጅዳ በሹፍርና የሚሠራ የጎጃም ሰው። ፊታቸውን አይቼ አላውቅም፤ ድምፃቸውን ግን ከእናቴ ልጆች ድምፅ በላይ እሰማው ነበር። ፍልሚያው ከመጀመሩ በፊት ሎቢ በሚሉት ቦታ አራታችንም ጎን ለጎን እንቆማለን። የጅዳው ሰው ከራስ ቁሩ እስከ ጫማው ወርቅ ለብሶ፣ ጠመንጃው እሳት እየተፋ። ተማሪው እንኳን ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ የነብር ቆዳ የመሰለ ካፖርት ደርቧል። እኔ ጨዋታው በነጻ ያደለኝን ካናቴራና ቡኒ ሱሪ አድርጌ ጫፍ ላይ እቆማለሁ። ስሜን ትተው «ባለ ካናቴራው» ይሉኝ ነበር። በፍቅር ነው፤ ግን እንዴት እንደሚቆረቁር!

ወርቁ ጥይት አይመልስም። ስኪን የሚሉት ነገር ልብስ ነው፣ ቀለም ነው፤ የጅዳው ሰው እሳት የሚተፋ ጠመንጃ ከእኔ ዝገታም ጠመንጃ አንዲት ነጥብ አብልጦ አያቆስልም። ይህን ጠንቅቄ አውቃለሁ። እንዲያውም ከአራታችን የተሻልኩ ተኳሽ እኔ ነበርኩ። ግን ድግስ ቤት በተቀዳደደ ጫማ የገባ ሰው ጭፈራ መቻሉ ምን ያጽናናዋል?

መጀመሪያ የገዛሁት ጥር 2014 ላይ ነው፤ በጣም ትንሿን የጨዋታ ሳንቲም ጥቅል፣ በጨዋታው መደብር 0.99 ዶላር የምትለዋን። የባንክ ካርዴ እዚያ አይሠራም ነበር፤ ስለዚህ እንደማንኛውም የከተማ ልጅ ቴሌግራም ላይ ሻጭ ፈለግሁ። አሠራሩ ቀላል ነው። የጨዋታ አይዲህን ትልካለህ፣ ብሩን በቴሌብር ትልካለህ፣ እስክሪንሾት ትልካለህ፣ ሻይህን ሳትጨርስ ሳንቲሙ ይገባልሃል። ሻጩ ውጭ አገር ካርድ ያለው ዘመድ አለው፤ ዋጋውንም የሚያሰላው በጥቁር ገበያው ምንዛሪ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ቀን ቀን መስኮቴ ላይ ሰው ይመጣ ነበር፤ ልጁን ውጭ የሚያሳክም፣ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚልክ። «ለውጭ ምንዛሪ ወረፋ አለ፤ ማመልከቻ ያስገቡ» እል ነበር፣ ደረቅ ባለ የቢሮ ድምፅ። ማታ ደግሞ ይህን የሚለው ሰውዬ ራሱ፣ ያችኑ ዶላር፣ ለምናምን ኮፍያ ብሎ ከጥቁር ገበያ ይገዛ ነበር። ያኔ ሁለቱን ነገር አያይዤ አስቤው አላውቅም። ለምን እንዳላሰብኩት ለማወቅ ሁለት ዓመት ተኩል ፈጀብኝ።

ምክንያቱ ስሙ ነው። ብር ብር ሲባል ያመኛል። ሰባት መቶ ብር ከኪሴ ሲወጣ ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደሆነ፣ የስንት ቀን ታክሲ እንደሆነ ሳላስበው ይመጣልኛል። ጨዋታው ውስጥ ግን ብር የለም፤ ሳንቲም አለ፤ 400፣ 1,200 የሚል። አራት መቶው ስንት ሽንኩርት ነው? ማንም አያውቅም። እንዲያውም እንዳይታወቅ ተብሎ ነው የተሠራው። ጃኬቱ 400 ሳንቲም ይላል፤ ጥቅሉ ግን በ325 ወይም በ660 ነው የሚሸጠው። ትንሹ አይበቃም፣ ትልቁ ይተርፋል። ትልቁን ትገዛለህ፤ 260 ትተርፍሃለች። 260 ብቻዋን ምንም አትገዛም፤ ግን ትተሃት የምትሄዳት አይደለችም፤ ሰው ትቶት የሄደ ሕፃን ይመስል ዓይን ዓይንህን ታይሃለች። ስለዚህ ትጨምርላታለህ። እኔ በየማታው ሒሳብ ካልዘጋሁ የማልተኛ ሰው፣ ሆን ተብሎ እንዳይዘጋ የተሠራ ሒሳብ ውስጥ ገብቼ ነበር፤ ለመዝጋት በሞከርኩ ቁጥር ይከፈታል።

አያቶቻችንም ብር ባልሆነ ነገር ይገበያዩ እንደነበር አውቃለሁ። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ አገራችንን ሲዞር ጨው እንደ ገንዘብ ሲያገለግል አይቶ ጽፏል። አሞሌ ከአፋር ጨው ሜዳ እየራቀ በተጓዘ ቁጥር ዋጋው እየጨመረ ይሄዳል፤ ዝናብ ከመታው ደግሞ ይሟሟል። ምንም ቢሆን ግን ገዢ ያጣ አሞሌ ወጥ ውስጥ ይገባል። የእኔን ሳንቲም ልልሰው እንኳን አልችልም።

ያደቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም። ከትንሿ ጥቅል ወደ መካከለኛው፣ ከመካከለኛው ወደ ወርሃዊው፣ ከዚያ ወደ ሎተሪው። ሎተሪው ልብሱን በቀጥታ አይሸጥልህም፤ የሚሸጥልህ ዕድልህን ነው። መንኮራኩሩን በ60 ሳንቲም ታዞራለህ፣ አሥሩን ባንድ ላይ ካዞርክ 540። ቤልጅየም እ.ኤ.አ. በ2018 በገንዘብ የሚገዛ እንዲህ ያለውን የዕድል ሣጥን በቁማር ሕጓ ሥር አስገብታዋለች። እኔ በሕይወቴ ቁማር ተጫውቼ አላውቅም፤ ቤቲንግ ቤት ደጃፍ ላይ የተኮለኮሉ ልጆች ሳይ ከንፈሬን እመጣለሁ። ከንፈሬን እየመጠጥኩ ቤቴ ገብቼ መንኮራኩር አዞር ነበር።

የዚያን ሐሙስ ነገር ልንገራችሁ።

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ሃያ ሰው ያለበት እቁብ አለ። በሳምንት 600፣ አንድ ዕጣ 12,000 ብር። ጸሐፊውም ገንዘብ ያዡም እኔ ነበርኩ፤ ቴለር ስለሆንኩ፣ ሾርቴጅ ስለማላመጣ፣ ማለትም ታማኝ ስለተባልኩ። ዕጣው ሐሙስ ከሰዓት ይወጣል፣ ገንዘቡ ቅዳሜ ይሰጣል። የዚያን ሳምንት ዕጣ የወጣው ለጽዳት ሠራተኛችን ነው፤ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። ስማቸው ሲጠራ መጥረጊያቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው እልል አሉ። ረቡዕ እንቁጣጣሽ ነው። ለበዓሉ በግ፣ ለልጅ ልጃቸው ደግሞ የትምህርት ቤት ልብስና መመዝገቢያ፤ ሁሉንም እዚያው ቆመው በጣታቸው ደመሩት።

ማታ ጨዋታው ውስጥ አዲስ ልብስ ወጣ። ጥቁር ካባ፣ ጀርባው ላይ ክንፉን የሚያራግብ ንስር። ከላይ ሰዓት ይቆጥራል፤ 26 ሰዓት ከምናምን ደቂቃ ቀርቶታል። የጅዳው ሰው ለብሶት ቆሟል። የእኔ ደሞዝ ያለቀው ከሳምንት በፊት ነው። ግን ቢሮ ውስጥ «ቦነስ ነገ ይገባል» የሚል ወሬ ነበር፤ እኔም ወሬውን እንደ ተቀማጭ ሒሳብ ቆጠርኩት።

ልክ በዚያው ሰዓት አንድ የማላውቀው የቴሌግራም ቻናል ማስታወቂያ አየሁ። በመደብሩ 99.99 ዶላር የሚሸጠው ትልቁ ጥቅል፣ 8,100 ሳንቲም፣ በ7,200 ብር፤ እስከ እኩለ ሌሊት ብቻ። የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ፣ ከሐምሌ 22 ወዲህ፣ ባንካችንም ዶላሩን ከ100 ብር በላይ ነበር የሚመነዝረው። ሌሎቹ ሻጮች ያንኑ ጥቅል 12,000 ይሉ ነበር። «ለምን ረከሰ?» ብዬ ጻፍኩለት።

«ስቶክ ነው ወንድሜ። አይዲ ላክ።»

አንድ ሰው መስኮቴ ድረስ መጥቶ መቶ ብሩን በስልሳ ብር ልሽጥልህ ቢለኝ ፈገግ ብዬ «ትንሽ ይጠብቁኝ» እልና ጥበቃ እጠራለሁ። ሥልጠና ወስጄበታለሁ፤ የምስክር ወረቀቴ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ግን ይኼ ብር አልነበረም፣ ሳንቲም ነበር። ከእቁቡ ሒሳብ 7,200 ብር ላክሁ። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «ብድር» ብዬ ጻፍኩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር።

ሳንቲሙ በአምስት ደቂቃ ገባ። አሥራ አንድ ጊዜ በአሥር በአሥር አዞርኩ። ሮዝ ፓራሹት፣ የሦስት ቀን ባርኔጣ፣ ደግሞ ሮዝ ፓራሹት። ከዚያ በነጠላ ማዞር ጀመርኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። በአምስተኛው ስክሪኑ ወርቅ ሆነ። ንስሩ ወጣ።

ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው። አልጋው ላይ ተነስቼ ተቀመጥኩ። ሎቢ ስገባ ሦስቱም ጮኹ። የጅዳው ሰው «ባለ ካናቴራው ሞተ!» ብሎ በማይኩ እልልታውን አቀለጠው፤ ጅዳ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ጎረቤት ምን እንዳለው እንጃ። የተመረቅሁ ዕለት እንኳን እንደዚያ የጮኸልኝ ሰው ትዝ አይለኝም። 6,240 ሳንቲም አጥፍቼ 1,860 ተርፎኝ፣ ደረቴ ሞልቶ ተኛሁ። እማማ አንዴም ትዝ አላሉኝም።

ዓርብ ሥራ አስኪያጃችን በስብሰባ ላይ ቦነስ ከመስቀል በፊት እንደማይታሰብ ነገሩን።

ቅዳሜ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ጨዋታውን ከፈትኩት። ካባዬ ላዬ ላይ ነው፤ ንስሩም ክንፉን ያራግባል። ከላይ በቀኝ በኩል ግን በቀይ −6,240 ይላል። ግዢው ስለተሰረዘ ሳንቲሙ ተመላሽ መሆኑን፣ ጉድለቱን እስክከፍል ድረስም መጫወት እንደማልችል የሚገልጽ መልእክት ከሥሩ አለ። ቴሌግራም ላይ ሻጩን ፈለግሁት፤ ቻናሉ የለም፣ አካውንቱ ጠፍቷል። የሆነው ከሁለት አንዱ ነው። ወይ በተሰረቀ የሰው ካርድ ገዝቶልኝ ባለቤቱ ሲያውቅ አሰርዞታል፤ ወይ በራሱ ካርድ ገዝቶ እኔ ብሩን ከላክሁ በኋላ ገንዘቤ ይመለስልኝ ብሏል። የመጀመሪያው ከሆነ አንድ የማላውቀው ሰው የትም ይሁን የት ገንዘቡን አግኝቷልና እሰየው። የእኔ የገንዘብ ቤት አእምሮ ያኔ የነቃው ታክሲ ውስጥ ነው። ዜሮ በታች የሆነ ሒሳብ! በዘጠኝ ዓመት ውስጥ በስሜ ሾርቴጅ ወጥቶ ሲያድር ያየሁት የመጀመሪያው ነበር።

እማማ ረፋድ ላይ ቡና አፍልተው ጠበቁኝ። ኩሽናችን በር ላይ ባለችው ትንሽ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ለገንዘቡ ብለው ያመጧትን ቦርሳ ጭናቸው ላይ አድርገው። 4,800 ሰጠኋቸው። ቆጠሩት። ደግመው ቆጠሩት። እኔ መስኮቴ ላይ ገንዘብ ስቆጥር ደንበኛው ፊቴን እንደሚያየው ፊታቸውን አየሁ።

«ቀሪው ሰኞ ነው እማማ።»

«ምነው ልጄ፣ ያልከፈለ አለ እንዴ?»

አለ ብዬ በአንድ ሰው ማሳበብ እችል ነበር። ቃሉ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን ያ ያልከፈለ የሚባለው ሰው ሃያ እርምጃ ርቆ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጧል፤ እማማ ሄደው ይጠይቁታል። ስለዚህ እውነቱን የነገርኳቸው ከጨዋነት ሳይሆን መውጫ ስላጣሁ ነው። በስልክ ጨዋታ ላይ እንዳዋልኩት ነገርኳቸው። ቁማር መሰላቸው። አይደለም፣ ልብስ ነው የገዛሁት አልኩ። የምን ልብስ? ስልኩ ውስጥ ያለ ሰውዬ የሚለብሰው።

ስልኬን ተቀብለው ንስሩን ረጅም ጊዜ አዩት።

«ገንዘቡ ታዲያ አሁን የት ነው ያለው?»

«እዚሁ ውስጥ ነው።»

«አውጣዋ።»

«አይወጣም እማማ።»

«አንተ ያስገባኸውን?»

«አዎ። መግባት እንጂ መውጣት የለውም።»

«እኛ እዚህ ባንክ ነው የምንሠራው» አሉ፤ እንደ መገሠጽም፣ እንደ መገረምም አድርጎአቸው። «ሰው ገንዘብ የሚያስገባው ሊያወጣው አይደል?» ስልኩን መለሱልኝና ሲኒ አቀበሉኝ። ቡናውን ጠጣሁ። መራራ ነበር ብል ለጽሑፉ ባማረ፤ ግን ጣፋጭ ነበር፣ ሁለት ስኳር አድርገውበታል፤ እንደምወደው ያውቃሉ።

ያን ቅዳሜ ማታ ለታላቅ እህቴ ደወልኩ። ለእሷ እውነቱን አልነገርኳትም። «ሾርቴጅ ወጣብኝ» አልኳት፤ «7,200።» እህቴ የቴለርን ሥራ ከእኔ አፍ ተምራለች፤ የጎደለውን ከኪሳችን እንደምንተካ ታውቃለች። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፤ «ሰው አወቀብህ?» አላወቀም አልኳት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ላከችልኝ። ሰኞ ጠዋት ለእማማ ሰጠሁ። ቅዳሜ የተነጋገሩበትን በግ ሻጩ ለሌላ ሰው ሸጦታል፤ የሰኞው ደግሞ ዋጋው አልቀመስ ብሏቸው ዶሮ ገዙ። «ዶሮም ለሦስት ሰው ይበዛል» አሉኝ። ረቡዕ ጠዋት በር በር የሚያንኳኩትን የአበባየሆሽ ልጆች እንኳን ሳልከፍትላቸው ዋልኩ።

«አውጣዋ» የምትለዋ ቃል ግን አልለቀቀችኝም። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት፣ ጨዋታውን የምጫወትበት ሰዓት ባዶ ስለነበር፣ ይህ ገንዘብ የሚወጣበት አገር ይኖር ይሆን እያልኩ ማንበብ ጀመርኩ። ነበረ። ዎርልድ ኦቭ ዋርክራፍት የሚባለው ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2004 ከወጣ በኋላ ቻይና ውስጥ የጨዋታውን ወርቅ ለቅመው የሚሸጡ ሠራተኞች ተፈጠሩ፤ ወርቁን በእውነተኛ ገንዘብ መሸጥ በጨዋታው ሕግ ክልክል ቢሆንም። ጁሊያን ዲቤል የተባለ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ2007 ኒውዮርክ ታይምስ መጽሔት ላይ ስለ ናንጂንግ ወርቅ ለቃሚዎች ጽፏል። ፈረቃቸው 12 ሰዓት፣ ክፍያቸው በሰዓት 30 ሳንቲም የአሜሪካ ገንዘብ ገደማ። መቶ የጨዋታ ወርቅ ለለቀመው ልጅ 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ይደርሰዋል፤ መጨረሻ ላይ ያለው ገዢ ግን ለዚያችው መቶ ወርቅ እስከ 20 ዶላር ይከፍላል። ይህን ሳነብ ከስልኬ ቀና አልኩ። ርካሽ ሳንቲም ባየሁ ቁጥር ከበስተጀርባው ያለው እጅ የማን ነው ብዬ ጠይቄ አላውቅም ነበር፤ የለቃሚ ይሁን የሌባ።

መውጫውን ራሱ ድርጅቱ የከፈተበት ጨዋታም አለ። ዲያብሎ ሦስት እ.ኤ.አ. በ2012 ተጫዋቾች ያገኙትን ዕቃ በእውነተኛ ዶላር የሚሻሻጡበት ጨረታ ከፍቶ፣ በመጋቢት 2014 እ.ኤ.አ. ዘጋው፤ ሰዉ ጭራቅ ገድሎ ዕቃ ከመልቀም ይልቅ ገበያ ላይ ተጥዶ ስለሚውል የጨዋታው ነፍስ ጠፋ ተባለ። እኔ ብሆንም እዘጋው ነበር። መውጫ ያለው ገንዘብ ሥራ ይሆናል፤ ሥራ ደግሞ ቀን ቀን አለኝ። ከዚያ ወዲህ የመጡት የስልክ ጨዋታዎች ትምህርቱን በደንብ ይዘውታል፤ በሩ ወደ ውስጥ ብቻ ነው የሚከፈተው። አንዳንዱ በር ደግሞ ሰው ሳያስበው የሚከፈት ሆኖ ተገኝቷል። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በዲሴምበር 2022 የፎርትናይትን ባለቤት ኤፒክ ጌምስን 520 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ሲያስማማ፣ 245 ሚሊዮኑ ሳይፈልጉ በአንድ ቁልፍ ንክኪ ግዢ ለተፈጸመባቸው ተጫዋቾች የሚመለስ ነበር። እኔ ግን በዚህ ልጽናና አልችልም። እኔ ቁልፉን ሳላውቅ አልነካሁትም። አውቄ፣ ተጋድሜ፣ 115 ጊዜ ነካሁት።

ጥቅምት ውስጥ አንድ እሑድ ከ127 የመጡልኝን የቴሌብር መልእክቶች አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። ወረቀትና ካልኩሌተር ይዤ፣ ልክ ካሽ እንደሚዘጋ ሰው። ከጥር 2014 እስከ ነሐሴ 2016፣ የእቁቡን ሳይጨምር፣ 61,340 ብር። የከፈልኳቸው ጊዜያት 143። ትልቁ ክፍያ 3,900፣ ትንሹ 70። አንድ ቀን ላይ፣ ሚያዝያ 2015፣ ፋሲካ ዋዜማ፣ ሁለት ክፍያ አለ፤ 850 ለእናቴ ለዶሮ የላክሁት፣ 1,400 ለወርሃዊው ጥቅል። በ41 ደቂቃ ልዩነት። እናቴ ያን ዕለት ደውላ «አበዛኸው ልጄ» ብላኝ ነበር፤ ስለ 850ው።

ከስኳዱ የቀረሁበትን ምክንያት ለሦስቱ የነገርኳቸው ዘግይቼ ነው። የጅዳው ሰው መልእክት ጻፈልኝ። እሱም በወር ከደሞዙ ሩቡን እንደሚያወጣበት፣ ለቤተሰቡ ግን «ኑሮ ተወደደ» እያለ እንደሚልክ ነገረኝ። «የወርቁ ልብስ ምን ያደርግልሃል?» አልኩት። መልሱ በድምፅ መጣ፤ ከጀርባው የመኪና ጥሩንባ ይሰማል። «እዚህ አገር ቀኑን ሙሉ ሰው አያየኝም» አለ። «አንተም ቀኑን ሙሉ በመስታወት ውስጥ ነው የምትቀመጠው፤ ታውቀዋለህ።» አውቀዋለሁ። ሰው መስኮቴ ላይ ሲቆም የሚያየው እጄንና ብሩን ነው። ይህን ለማመካኛ አላነሳሁትም፤ ግን 61,340 ብር ምን እንደገዛሁበት ለሚጠይቀኝ ሰው ከዚህ የተሻለ ደረሰኝ የለኝም።

እቁቡን ለሌላ ሰው አስረከብኩ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኩ። እማማ አጠገባችን ይጠርጉ ነበር፤ ቀና አላሉም። ለማንም አልተናገሩም፤ እስከ ዛሬ። የልጅ ልጃቸው ስልክ ላይ የሆነ ነገር «ግዛ» ሲል ብቻ ስልኩን ይዘውልኝ ይመጣሉ። «ይኼ የሚወጣ ነው የማይወጣ?» ይሉኛል። «የማይወጣ ነው» እላቸዋለሁ። ይዘው ይመለሳሉ።

የእህቴን ብድር በስድስት ወር ከፍዬ ጨረስኩ። የመጨረሻውን 1,200 አልቀበልም አለች። ባለፈው ፋሲካ እሷ ቤት ነበርን፤ የባሏ ዘመዶች ተሰብስበዋል። ዶሮው ቀርቦ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ ወሬው ወደ ዘመኑ ሌብነት ዞረ፤ የቀበሌው፣ የመሬቱ፣ የሁሉም። እህቴ እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈችና «ሰው አልጠፋም» አለች። «ይኼ ወንድሜ 7,200 ብር ሾርቴጅ ወጥቶበት፣ ሌላው ቢሆን ስንት ምክንያት ይፈጥራል፣ ይኼ ማንም ሳያውቅበት ተበድሮ በቦታው ተካ።» ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንደኛው ከፊቱ ያለውን እንቁላል አንስቶ ወደ እኔ በኩል አደረገልኝ።

በላሁት።